የኃይለመለኮት ሰላምታ

ባሌ ሸዋንግዛው ከፊቱ ይልቅ በድምፁ የሚታወቅ ሰው ነበር። ሬዲዮ የገባው ጦርነት ሊዘግብ አይደለም። ስለ ማዳበሪያና ስለ ቡና በሽታ የሚያወራ የገበሬዎች ፕሮግራም ነበር፤ እሱን ነበር የሚያነበው። ድምፁ ጎርነን ያለና የሚታመን ስለሆነ አለቆቹ «ይኼ ድምፅ በማዳበሪያ አይባክንም» ብለው ወደ ዜና ክፍል አዛወሩት። ከዚያ በኋላ ሰሜን ውጊያ በተነሳ ቁጥር ከድምፅ ቀራጩ ከገብረጊዮርጊስ ጋር በወታደር አውሮፕላን ይጫናል፤ እኔ ልጄን ትዕግሥትን ታቅፌ ሬዲዮ ሥር እቀመጣለሁ። «ከሰሜን ጦር ግንባር፣ ሸዋንግዛው ወልዴ» ብሎ ሲጨርስ ያንን ሲናገር በሕይወት እንደነበረ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አላውቅም።

የምንኖረው ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ከጎረቤታችን ከእትዬ ሸዋዓለም ጋር የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እሳቸው ሲያስሉ እኛ ቤት ይሰማል፤ እኛ ስንጣላ እሳቸው ቤት ይሰማል። ልጅ ሳሉ ከሶዶ የመጡ፣ ባላቸው ሰንጋ ተራ ትንሽ ሱቅ የነበራቸው ሴት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ሁለት ወንዶች ልጆች ቀሩላቸው። ትልቁ ኃይለመለኮት የኤሌክትሪክ ሙያ ይማር ነበር፤ አንድ ቀን ከትምህርት ሲመለስ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ በአፈሳ ይዘው ለብሔራዊ ውትድርና ላኩት። ታናሹ አሰግድ ገና አሥራ ስምንት ሊሞላው ነበር። ልጁ ቁመት በጨመረ ቁጥር እናቱ እንቅልፍ ያጡ ነበር። ደጅ ወጥቶ እንዳይቆም፣ ጺሙ ሳይበቅል እንዳይላጭ ይቆጡታል። ፋሲካ ሲያልፍ ሶዶ ወንድማቸው ዘንድ ሊልኩት አስበዋል።

በ1980 ዓ.ም. ዓቢይ ጾም በገባ ሰሞን ሸዋንግዛው እንደገና ወደ ሰሜን ታዘዘ። እትዬ ሸዋዓለም ሰምተው መጡ። በጨርቅ የተቋጠረ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ በእጃቸው የሠሩት ቡናማ የሱፍ ሹራብ ይዘዋል።

«ሸዋንግዛው፣ ልጄ፣ ታገኘው ይሆን?»

«እትዬ፣ ጦሩ ብዙ ነው። ቃል አልገባም።»

«አንተ የሬዲዮ ሰው ነህ፣ ብትጠይቅ ይነግሩሃል። መገናኛ ነው የምሠራው ብሎ ጽፎልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።»

«እሞክራለሁ እትዬ።»

«ብርድ ነው አሉ እዚያ። ሹራቡን ልበስ ብላሃለች በለው።»

ሻንጣው ጠባብ ስለነበረ ሸዋንግዛው ለዚያ ሹራብ ቦታ ለማግኘት የራሱን አውጥቶ አልጋው ላይ ጣለው።

ከሄደ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ሌላ ጊዜ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይዘግብ ነበር፤ አሁን ሬዲዮኑ ስለ ምርት ዘመቻና ስለ እንግዶች አቀባበል ብቻ ያወራል። ሠፈሩ ግን ሌላ ነገር ያወራል። በጦር ኃይሎች መንገድ አምቡላንስ ይመላለሳል ተባለ። አውሮፕላን ሙሉ ቁስለኛ መጣ ተባለ። ሰው ወሬውን የሚያወራው በር ዘግቶ፣ ለጎረቤት እንዳይሰማ ውሃ እያንፏፏ ነው።

ሲመለስ ሆሣዕና ሊደርስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደጅ ልብስ እያጠብኩ ቀና ስል በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ለማኝ መስሎኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል፣ ግራ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። በትከሻው ያነገተው የገብረጊዮርጊስን መቅረጸ ድምፅ ነበር።

«ገብረጊዮርጊስስ?» አልኩት፤ ባሌን ሳልስም።

«ውሃ ስጪኝ» አለኝ።

ሁሉንም የነገረኝ በማግሥቱ ጠዋት ነው፤ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጎ ከፍቶ፣ ግድግዳውን እያየ።

ኃይለመለኮትን አግኝቶታል። አንድ ኮረብታ ሥር፣ የመገናኛ ጉድጓድ ውስጥ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ነበር ያገኘው። ቋጠሮውን ሲሰጠው መጀመሪያ ዳቦ ቆሎውን አሸተተ፤ ከዚያ ሹራቡን ዘርግቶ ሳቀ። «እማዬ እኮ ብርድ የሚገድለን ይመስላታል። እዚህ ቀን ቀን ድንጋዩ ያቃጥላል» አለና አጣጥፎ ትራስ አደረገው። ገብረጊዮርጊስ ማይክራፎኑን ዘረጋለት። ልጁ ጉሮሮውን ጠረገና እናቱን፣ ወንድሙን፣ የሠፈሩን ልጆች ሰላም አለ። አጠገባቸው የቆመው የፖለቲካ ኃላፊ አልወደደለትም። «የወታደር ሰላምታ እንዲህ አይደለም። ስለ ግዳጅህ ጨምርበት» አለው። ልጁ እንደገና ጀመረ፤ ግዳጄን በድል ተወጥቼ የሚለውን ጨመረበት። ሌሎችም ብዙ ወታደሮች ተሰልፈው ተራ በተራ ሰላምታ አስቀዱ። አንዳንዱ የእናቱን ስም ሲጠራ ድምፁ እየተቆረጠ አስቸገራቸው።

የአማፂዎቹ ማጥቃት የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። ምሽጉ ተሰበረ። አፈግፍጉ የሚል ትእዛዝ መጣና ታንኩም፣ ካሚዮኑም፣ ቁስለኛውም በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ባለች አንዲት መንገድ ተጨናንቆ መውረድ ያዘ። ከፊት ያለው ታንክ ሲመታ መንገዱ ተዘጋ። ወደፊት አይኬድ፣ ወደኋላ አይመለስ። ከሁለቱም ወገን ከተራራው ላይ ይተኩሱባቸዋል።

«ከዚያ አውሮፕላን መጣ» አለኝ ሸዋንግዛው። «የኛ ነው። ወታደሩ ባርኔጣውን እያወዛወዘ ጮኸ። ቁስለኞቹ እንኳ ቀና ብለው አዩ። ተረፍን አልን።»

«እና?»

«እና እኛኑ መቱን። ታንኩና መድፉ በወንበዴ እጅ ከሚገባ ይቃጠል ተብሎ ነው አሉ በኋላ። ከላይ ሆኖ ሰው ይታይ አይታይ አላውቅም።»

ኃይለመለኮት የነበረባት የመገናኛ መኪና ከፊታቸው ነበረች። ስትቀጣጠል ሸዋንግዛው ሮጦ የበሩን እጀታ ያዘ፤ ብረቱ የእጁን ቆዳ ላጠው። በሩ አልከፈት አለ። በመስኮቱ ልጁን አይቶታል። ምን እንዳየ ግን ለኔም አልነገረኝም። ገብረጊዮርጊስ ካሚዮን ሥር ተኝቶ ነበር፤ ፍንጣሪ ሆዱን አግኝቶታል። መሣሪያውን ከትከሻው አውልቆ ለሸዋንግዛው ሰጠው። «ይኼን ይዘህ ውጣ፣ አለዚያ በከንቱ ነው የመጣነው» አለው። እጁ ላይ ሲያልፍ ሸዋንግዛው መሣሪያውን ይዞ ወጣ። በእግሩ፣ ከተበታተኑ ወታደሮች ጋር፣ ሽንቱን እስከ መጠጣት ደርሶ አስመራ ገባ።

ይኼን በነገረኝ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ሄደ። የዜና ክፍሉ ኃላፊ ጓድ ሀብተ ማርያም በሩን ዘግቶ አቀፈው፣ አለቀሰም። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚፈራ ሰው ነበር፤ ያኔ ማን አይፈራም?

«ያየኸውን እኔም ሰምቻለሁ» አለው። «ግን እኔም አልሰማሁም፣ አንተም አላየህም።»

«ገብረጊዮርጊስ ሞቷል። ለሚስቱ ምን ልንላት ነው?»

«ግዳጅ ላይ ነው።»

«ጓድ ሀብተ ማርያም፣ እጄ ላይ ነው የሞተው።»

«ግዳጅ ላይ ነው አልኩህ። ደመወዙም እንደወትሮው ይከፈላታል።» ከዚያ ቴፖቹን አንድ በአንድ ከፍቶ አዳመጠ። ስለ ውጊያው የተቀዳውን ወደ ጎን አደረገው። የወታደሮቹ ሰላምታ ላይ ሲደርስ ፊቱ ፈካ። «ይኼ ጥሩ ነው። ሕዝቡ ተሸብሯል፤ የልጆቹን ድምፅ ይስማ።»

«ከነሱ ውስጥ የሞቱ አሉ።»

«ስንቱ?»

«ሲሞት ያየሁት አንድ ነው።»

«እንግዲያው የሌሎቹን አታውቅም ማለት ነው።»

«የሱንስ? እናቱ ጎረቤቴ ናቸው።»

ጓድ ሀብተ ማርያም ወረቀት ሳበ። «አሁን አንዱን ብናወጣ ለምን ወጣ ይባላል። የፖለቲካ ኃላፊው ዝርዝሩን ከግንባር ልኮታል» አለና መግቢያውን ራሱ ጻፈለት። ሸዋንግዛው ስቱዲዮ ገብቶ አነበበው። ማንበብ አልፈልግም ሊል ይችል ነበር? ይችል ይሆናል። ከስቱዲዮው በር ውጪ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች ቆመው ነበር፤ እኔና ትዕግሥትም ቤት ውስጥ ነበርን፤ እኛንም ማግኘት አይቸግራቸውም።

የተላለፈው እሑድ ቀትር ላይ ነው። እኔ ጎመን እየከተፍኩ ነበር። የባሌ ድምፅ ከኛም ሬዲዮ፣ በግድግዳው ማዶ ካለውም ሬዲዮ እኩል መጣ። «በአሁኑ ሰዓት በሰሜን ግንባር ምሽጋቸውን አስከብረው ከሚገኙት ጀግኖች መካከል...» አለ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። አንድ ወታደር ተናገረ፤ ሌላ ተናገረ። ከዚያ እሱ መጣ።

«እማዬ፣ ኃይለመለኮት ነኝ። በጣም ደህና ነኝ። የላክሽልኝ ደርሶኛል፣ ሹራቡም ልክ ሆኖኛል። አሰግድ፣ ትምህርትህን በርታ። የልደታ ልጆች፣ ሰላም በሉልኝ። ግዳጄን በድል ተወጥቼ በቅርቡ እመጣለሁ።»

ግድግዳው ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን አይሆንም። እትዬ ሸዋዓለም እልል አሉ። ከታችኛው ቤት አንዷ ተቀበለቻቸው፤ ከዚያ መንገዱ ሁሉ እልልታ ሆነ። ስሄድ ግቢያቸው ሞልቷል። ጾም ባይሆን በግ ይታረድ ነበር። አሰግድ ሬዲዮኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል። እትዬ ሸዋዓለም እኔን ሲያዩ መሬት ወድቀው ጉልበቴን ሳሙ።

«ያንቺ ባል ነው ያገናኘኝ! ትርንጎ፣ ማርያም የልጅሽን ወግ ማዕረግ ታሳይሽ!»

አነሳኋቸው። ምን አልኳቸው? «እንኳን ደስ አለዎት» ነው ያልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ሸዋንግዛው ሲመጣ መንገድ ላይ ጠበቁት። ጫማውን ሊስሙ ሲሉ በደህናው እጁ ያዛቸው። «ወፍሯል? ከስቷል?» አሉት። «ደህና ነው» አላቸው። «ሹራቡን ለብሶት አየኸው?» «አዎ እትዬ።» ከዚያ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ሰውየው እሑድን ሙሉ እህል አልቀመሰም።

ፕሮግራሙ ስለተወደደ ደጋገሙት። እትዬ ሸዋዓለም በእያንዳንዱ ጊዜ ልክ እንደ አዲስ ያዳምጡታል፤ ልጁ ተናግሮ ሲጨርስ «አሜን፣ አሜን» ሲሉ በግድግዳው ይሰማኛል። እኔም ሬዲዮኑን ዘግቼ እሰማለሁ፤ መስማቱ አይቀርልኝም። ሸዋንግዛው ይኼን ጊዜ ተነሥቶ ይወጣል። እስከ ሜክሲኮ በእግሩ ሄዶ ይመለሳል።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ዝም ብሎ ይኖር ነበር ብዬ አስባለሁ። ዝም ብሎ የሚኖር ሰው ያኔ ብዙ ነበር። ነገሩን ያበላሸው የቀበሌው ሊቀመንበር መምጣቱ ነው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ለአዲሱ ዙር ምልምል ሊያሟላ ቤት ለቤት ይዞር ነበር። እትዬ ሸዋዓለም ዘንድ ገብቶ ተቀመጠ፣ ስለ ልጃቸው ጀግንነት አወራ፣ ሬዲዮኑንም አነሣ። «እንደ ልጅዎ ያለ በሠፈራችን የለም። ጦርነቱ እያለቀ ነው። አሰግድ ቶሎ ከገባ ጥሩ ቦታ ያገኛል» አላቸው።

እሳቸው በነጋታው እኔ ዘንድ መጡ። ፊታቸው ላይ ለብዙ ጊዜ ያላየሁት እርጋታ አለ።

«ትርንጎዬ፣ አሰግድን ሶዶ ልልከው አስቤ ነበር። ተውኩት።»

«ለምን?» አልኩ።

«ተደብቆ እስከ መቼ? ትልቁም ይኸው ደህና ነው። ይልቅ ባልሽን ለምኚልኝ። ጦር ሜዳ ያሉትን አዛዦች ያውቃል አይደል? አሰግድን ወንድሙ ካለበት ይመድቡልኝ። አንድ ላይ ከሆኑ ይተያያሉ፤ እኔም ስንቅ ስልክ አንድ ቋጠሮ ይበቃል።»

ለሸዋንግዛው ስነግረው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እውነቱን እነግራቸዋለሁ» አለ።

«ከነገርካቸው ይዘውህ ይሄዳሉ።»

«ካልነገርኳቸው አሰግድን ይወስዱታል። በኔ ድምፅ ነው የሚወስዱት።»

«እኛስ?» አልኩት። ጮኼ ነበር፤ ከዚያ ግድግዳው ትዝ ሲለኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ትዕግሥትስ? አንተ ጀግና ስትሆን እኔ ስንቅ አመላላሽ ልሁን?»

ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀ። ነጠላዬን አነሣሁና አብሬው ሄድኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ነበር። እትዬ ሸዋዓለም ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጥጥ ይፈትላሉ። አሰግድ የለም፤ እንኳን አልነበረ። ሸዋንግዛው ወደ ውስጥ እንግባ አላቸው። ገባን። በርጩማ ሲሰጡት አልተቀመጠም።

«እትዬ፣ ኃይለመለኮት የለም» አለ።

«የት ሄደ?»

«ሞቷል። እኔ እዚያው ነበርኩ።»

እንዝርቱ በእጃቸው ነው። «በሬዲዮ ሰማሁት እኮ» አሉ።

«ቴፕ ነው እትዬ። በሕይወት ሳለ የቀዳነው ነው። ከዚያ በኋላ ነው የሞተው።»

«አንተ ራስህ በአሁኑ ሰዓት አልክ እኮ።»

«አዎ፣ ብያለሁ።»

«በር ላይም ስጠይቅህ ደህና ነው ብለኸኛል።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ የትኛው ነው ውሸቱ?» አሉት። ተቆጥተው አልነበረም፤ ሊያውቁ ፈልገው ነው። ሸዋንግዛው ያን ጊዜ ፋሻውን ፈታ። የመኪናው በር እጁ ላይ የተወውን አሳያቸው። ስለ ሸለቆው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ አውሮፕላኑ ነገራቸው። እሳቸው እጁን ይዘው ጠባሳውን በጣታቸው እየዳሰሱ ሰሙ።

«ሹራቡንስ ለብሶት ነበር?»

«አልለበሰውም እትዬ። እዚያ ሙቀት ነው። ትራስ አድርጎት ነበር።»

ያን ሲሰሙ ነው የጮኹት። አፋቸውን በነጠላቸው ጠቅጥቄ ያዝኩ፤ ጩኸታቸው ወደ ውጪ እንዳይወጣ። አንዲት እናት ልጇ ሞቶ ስትጮህ አፏን ይዤ አፈንኳት። ያ ጊዜ እንዲህ ያለ ጊዜ ነበር።

አሰግድ በማግሥቱ ማለዳ ከመርካቶ በቡታጅራ አውቶቡስ ወጣ። ሊቀመንበሩ ሊወስደው ሲመጣ ቤቱ ባዶ ነው፤ እትዬ ሸዋዓለም ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰውየው ደነገጠ። እኔ በግድግዳው ማዶ ቆሜ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ።

«ለማን ነው ጥቁሩ?»

«ለልጄ ነው።»

«ልጅዎ በሕይወት አለ! ማን ነው እንዲህ ያለ የጠላት ወሬ ያወራብዎት?»

እኔ ወዲህ ሆኜ «ማርያም፣ አፋቸውን ያዢልኝ» አልኩ። እትዬ ሸዋዓለም ግን የያዙት ቁጣ ከአቅማቸው በላይ ነበር። «ወሬ አትበለኝ! የሬዲዮው ሰው ራሱ ነው የነገረኝ። እጁ ተቃጥሎ አይቻለሁ። በገዛ አውሮፕላናችሁ ነው ልጄን ያቃጠላችሁት!» አሉት።

ሸዋንግዛውን ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ወሰዱት። እኔ ያወቅሁት ጃኬቱን አንድ ባልደረባው ሲያመጣልኝ ነው። የጠላትን ወሬ በመንዛት የሠራዊቱን ሞራል ሰብሯል ነው የተባለው። ፍርድ ቤት አልቀረበም። ሦስት ዓመት ስንቅ አመላለስኩለት፤ የማገኘውም ባዶ ሳህን ነበር። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ከወጣ አለ ማለት ነው።

እትዬ ሸዋዓለም በሁለተኛው ቀን መጥተው ደጃፌ ላይ ተንበረከኩ። «ቁጣዬ ነው፤ አፌን ቁረጪው» አሉኝ። «ይሁን፣ ይነሡ» አልኳቸው። ከልቤ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ በጠዋት ስንገናኝ ሰላምታዬን ወደ መሬት ነው የምሰጣቸው። ልጃቸው ሶዶ ጤፍ እያጨደ በሕይወት አለ፤ የኔ ባል ታስሯል። እያንዳንዱን ቀን ይኼን እያመዛዘንኩ ነው የኖርኩት፤ ክፉ ሴት አድርጎኝ ነበር።

የገብረጊዮርጊስ ሚስት ወይንሀረግም አንድ ቀን ሜክሲኮ አውቶቡስ ስጠብቅ አገኘችኝ። «መሥሪያ ቤቱ ግዳጅ ላይ ነው ይሉኛል። አንቺስ ምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ባሌ ለአንዲት እናት ስለተናገረ ምን እንደደረሰበት አውቃለሁ። ግራ ቀኜን አየሁና በጆሮዋ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ሸሚዞቹን መተኮስ ትቻለሁ እኮ» አለችኝ። አውቶቡሱ መጣና ተሳፈርን፤ ጎን ለጎን ቆመን፣ የማንተዋወቅ መስለን ሄድን።

ሬዲዮው ደግሞ ሸዋንግዛውን አልተወውም። በአብዮት በዓል ሰሞን ያለፉትን ድሎች ሲያስታውሱ የድሮ ዘገባዎቹን ያስተላልፋሉ። ስንቁን ሳህን ላይ እየጨለፍኩ «ከሰሜን ጦር ግንባር፣ ሸዋንግዛው ወልዴ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ትዕግሥት «አባባ መጣ?» ብላ ወደ በሩ ሮጠች። የሚያስሩትም የሚያስተላልፉትም አንድ ናቸው፤ ድምፁን አስቀርተው ሰውየውን አስገቡት።

ግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ የእስር ቤቶቹ በሮች ተከፈቱ። ሸዋንግዛው በእግሩ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ የፊት ጥርሶቹ የሉም። ለጥቂት ሳምንታት ከቤት አልወጣም። ከዚያ ሥራው ይመለስለት እንደሆነ ሊጠይቅ ሄደ። የተቀበሉት ሰዎች አዲሶች ነበሩ። በትሕትና አስቀመጡት፣ ሻይ አዘዙለት፣ ከዚያ «ከየግንባሩ የዘገብከው አንተ አይደለህም?» አሉት።

«ነኝ። ታስሬም ነበር።»

«መታሰርህን የሚያረጋግጥ የለንም። ድምፅህን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በረሃ ሆነን እንሰማህ ነበር» አለው አንዱ፤ እየሳቀ። ሻይውን ጠጥቶ ወጣ። በኋላ አንድ ማተሚያ ቤት ፊደል የሚያርም ሆኖ ተቀጠረ።

በዚያ ክረምት ልደታ ውስጥ በየመንገዱ ድንኳን ተተከለ። ለዓመታት ግዳጅ ላይ ናቸው ሲባሉ የነበሩት ልጆች ሁሉ ሞታቸው ይነገር ጀመር። እትዬ ሸዋዓለምም በወግ ሳያለቅሱ የቀሩትን ልጃቸውን ሊያለቅሱ ድንኳን አስተከሉ። አሰግድ ከሶዶ መጣ፤ ጺሙ አድጎ፣ ሚስት አግብቶ። ሸዋንግዛው አልሄድም ብሎ ነበር። እትዬ ሸዋዓለም ራሳቸው መጥተው እጁን ይዘው ወሰዱት።

ድንኳኑ ውስጥ ሰዉ ዞሮ አየው። ከጥግ አንድ ሽማግሌ «ይኼ ያ የሬዲዮው አይደለም? ምን ዓይን አለው ብሎ ነው እዚህ የመጣው?» አለ። እትዬ ሸዋዓለም ተነሡ።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት። በሬዲዮ ዋሽቶኛል፤ እቤቴ መጥቶ እውነቱን ነግሮኛል። ይኼ ልጄ በሱ ምክንያት ነው የተረፈው» አሉና ወደ ሸዋንግዛው ዞሩ። «ለኔ የነገርከኝን ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ንገርልኝ። ልጄ እንዴት እንደሞተ ይወቁ።»

ቆሞ ነገራቸው። ጥርሱ ስለሌለ ድምፁ ያፏጫል፤ ግን አልቸኮለም፣ አንዳችም አልዘለለም። አውሮፕላኖቹ ጋ ሲደርስ አሰግድ ድንኳኑን ጥሎ ወጣ።

ከዚያ አንዲት ሴትዮ ከሴቶቹ መቀመጫ ተነሥተው መጡ። ከጉያቸው ፎቶግራፍ አወጡ። «በዚያው ግንባር ነበር። ስሙ ደምሰው ይባላል። አላየኸውም?» አሉት። ሸዋንግዛው ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አቅርቦ አየ። «አላየሁትም እናቴ» አለ። ሌላዋ መጡ። ሌላዋ ተከተሉ። ወሬው ወደ ሌሎቹ ድንኳኖች ሳይደርስ አልቀረም፤ ጥቁር የለበሱ እናቶች ከላይኛውም ከታችኛውም መንገድ እየመጡ በሩ ላይ ቆሙ። ሁሉም ፎቶ ይዘዋል። የተማሪ ልብስ የለበሰ አለ፣ ኳስ የታቀፈ አለ፣ የወታደር ባርኔጣ የደፋ አለ። ሁሉንም አንድ በአንድ ተቀብሎ አየ። ሁሉንም «አላየሁትም» አላቸው። ያየው ሰው እኮ ብዙ ነበር፤ ግን ፊታቸውን በዚያ ጭስ ውስጥ ማን ይለያል?

የመጨረሻዋ በጣም ያረጁ ናቸው። ፎቶውን አልሰጡትም፤ ደረታቸው ላይ እንደያዙት ቀረቡት።

«የኔን ልጅ አታውቀውም፣ አልጠይቅህም» አሉት። «ያኔ በሬዲዮ ትል እንደነበረው በለኝ ብቻ። ደህና ነው በለኝ።»

ሸዋንግዛው አያቸው። አፉን ሲከፍት እኔ ከሴቶቹ መሐል ሆኜ «በል፣ ምን አለበት፣ በላቸው» ብዬ በልቤ ለመንኩት።

«አልችልም እማማ» አለ።

አሮጊቷ ፎቶውን ጉያቸው ከተቱ። «ያኔ ግን ትችል ነበር» አሉትና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። እሱም ወንበር ፈልጎ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ፤ እስኪመሽም እዚያው ነበር። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ የሚቀመጥበት ጠፋ። በመጨረሻ እኔ ከሴቶቹ ወገን ተነሥቼ፣ ወጉ ባይፈቅድም፣ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።